ያገለገለ ሲሞኖፍ ከሰው እጅ፣ ሆዱን ሳያዩ አይገዛም

ክላሽ ለመግዛት አቅሙ ላልፈቀደለትና የድሮው ጠመንጃ ምንሽር ለሰለቸው ሰው ሲሞኖፍ ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ግን ያገለገለ ሲሞኖፍ ሚገዛ ሰው እንጨቱን ሳይሆን ሆዱን፣ ማለት የውስጡን ብረት፣ አይቶ ነው መግዛት ያለበት። በዋናነት ማለት ምፈልገው ይሄንኑ ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው።

አንድ ነገር ግን ላስቀድም። እኔ የገዛሁት የመሳሪያ አዋጁ ሳይወጣ በፊት፣ በወረዳ አስመዝግቤ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው፣ ደሞ አሁን አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስለዚህ ሂዱና ግዙ እያልኩ አይደለም። ምጽፈው ከአባቱ የወረሰው ሲሞኖፍ ቤቱ ተሰቅሎ፣ በስሙ ተመዝግቦ፣ ግን አንዴም ውስጡን ፈቶ አይቶት ማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ዋጋም አልጽፍም፣ የዛን ጊዜ ዋጋ ብጽፈው ሰው ይስቅብኛል፣ ከክላሹ በብዙ ይቀንስ ነበር ካልኩ ይበቃል።

ሲሞኖፍ ሚባለው በሰራው ሰውዬ በሰርጌይ ሲሞኖፍ ስም ነው፣ ወረቀት ላይ ኤስኬኤስ ተብሎ ነው ሚጻፈው። በፈረንጆች 1945 ተነድፎ በ1949 የሩስያ ጦር ተቀበለው፣ ክላሽም በዛው ሰሞን ስለወጣ ምስኪኑ ብዙም ሳይቆይ በታናሽ ወንድሙ ተሸፈነ። ሚተኩሰው ግን ያንኑ የክላሹን ጥይት ነው፣ 7.62 በ39፣ እና ይሄ ነው ለኛ አገር ሰው ትልቁ ጥቅሙ። አልቢን ወይ ውጅግራ ሚባሉትን የድሮ ጠመንጃዎች አባቱ ትቶለት ጥይት አጥቶ ግድግዳ ላይ ያስቀረ ስንት ሰው አለ። ከፊል አውቶማቲክ ነው፣ ቃታ በሳባችሁ ቁጥር አንድ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል፣ እንደ ክላሽ አያንጣጣም። አስር ጥይት ነው ሚይዘው፣ ካዝናውም፣ ማለት ጥይቱ ሚቀመጥበት፣ እንደ ክላሽ ካርታ ወልቆ ሚቀየር ሳይሆን እዛው ሆዱ ላይ የተሰፋ ነው።

ሻጩ ደጋ ዳሞት ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት ሚወጣው መንገድ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ሚገባበት የገብስና የድንች አገር። እዛ አካባቢ ሰው ጠመንጃ ሲሸጥ መሬት እንደመሸጥ ነው ሚያየው፣ አይፈረድበትም። በ1960 የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሳ ጠንክረው ከቆሙት ወረዳዎች አንዱ ይሄው ዳሞት ነው፣ ያኔ ሰው የያዘው ምንሽርና ቤልጅግ ምናምን ነበር። ሲሞኖፉና ክላሹ በብዛት ገበሬው እጅ የገባው በ83 የደርግ ወታደር ሲበተን ነው፣ የኚህም ጠመንጃ እንደዛ የመጣ ነው፣ ከሚያልፍ ወታደር በእህልና በጥቂት ብር የገዙት።

እንዴት አገኘኋቸው ካላችሁ በደላላ ነው። ስለ ደላላው በኋላ።

ቤታቸው ስንደርስ ጠላ ቀረበ፣ ቆሎ ቀረበ፣ እኔ ቆሎውን እየቆረጠምኩ ጠላውን ግን "አያ፣ ጉዳያችንን እንጨርስና እጠጣለሁ" አልኳቸው፣ ጠመንጃና ጠላ አንድ ላይ አልወድም። ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር፣ "ይሄ ልጅ ደህና ነው" ብለው ለባለቤታቸው ሲነግሩ ሰማሁ። ከዛ ጠመንጃው ከጓዳ ወጣ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ።

ሲያዩት ያምራል እኮ! ሰደፉ ያብረቀርቃል፣ የድሮው እንጨት ተሰንጥቆባቸው ለአናጢ ሰጥተው በዋንዛ አሰርተውታል፣ ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ ማንገቻው አዲስ ቆዳ ነው። አብሮኝ የመጣው የአጎቴ ልጅ ገና ሳይነካው "ይሄማ አዲስ ነው" አለ። እኔ ደሞ አዲስ እንጨት ያየሁበት አሮጌ ጠመንጃ ላይ ወዲያው ጥርጣሬ ነው ሚይዘኝ፣ ሰው ሚታየውን አሳምሮ ማይታየውን ይረሳዋላ። የሳቸው ግን እንደዛ አልነበረም፣ አናጢው ጎበዝ ነው፣ እሳቸውም ተሰንጥቆ ነበር ብለው ራሳቸው ነው የነገሩኝ።

ባዶ ነው ወይ አልኳቸው፣ ባዶ ነው አሉ። ባዶ ነው ቢሉኝም አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ ማቀባበያውን ወደኋላ ስቤ ጥይት ሚጎርስበትን አየሁ፣ በጣቴም ነካሁት፣ ከዛ ከሆዱ ስር ያለችውን መያዣ ስባችሁ የካዝናው ወለል ይከፈታል፣ እሱንም ከፈትኩ። ይሄን ሰው ፊት ማድረግ ነውር ሚመስለው አለ፣ "አላመንከኝም ወይ" ሚል። አምኛለሁ፣ ግን አያለሁ። በነገራችን ላይ ሲሞኖፍን ባዶ ማድረግ ትክክለኛው መንገድ በዚህ በታች በኩል መክፈት ነው፣ ጥይቱ ዝርግፍ ይላል። ብዙ ሰው ግን ማቀባበያውን ደጋግሞ እየሳበ አንድ በአንድ ነው ሚያስተፋው፣ እያንዳንዷ ጥይት በከንቱ እየጎረሰች ማለት ነው፣ ለምን አደገኛ እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ ቁጥር። ሲሞኖፍ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ ዋናው አካል ላይ ብቻ አይደለም ሚመታው፣ ማቀባበያው ላይ፣ ክዳኑ ላይ፣ ካዝናው ላይ፣ ሰደፉ ላይ ሁሉ ይደገማል። ሁሉም አንድ ከሆነ ጠመንጃው ከልደቱ ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው፣ ካልሆነ ከተለያየ ጠመንጃ የተለቃቀመ ነው። የሳቸው ብረት ብረቱ ሁሉ ይገጥማል፣ እንጨቱ ብቻ ነው ቁጥር የሌለው፣ እሱ ደሞ ዋንዛ ስለሆነ ይታወቃል። ዋናው ነገር ይሄ ቁጥር ወረዳ ከተመዘገበው ወረቀት ጋር መግጠሙ ነው፣ አንድ አሃዝ ብትለያይ በቃ ተነሱና ሂዱ፣ ቆሎውንም ተዉት።

ቁጥሩን ሳነብ ነው አንድ አስቂኝ ነገር የመጣው። ሰውየው የሩስያ ነው ብለውኛል፣ ደላላውም የሩስያ ነው ብሎ ነው ዋጋ የጠራው። የሩስያው ቱላ የተሰራ ከሆነ ክዳኑ ላይ ኮከብና ዓመተ ምህረት አለበት። ይሄኛው ግን በግራ በኩል ትንሽ ሶስት ማዕዘን ውስጥ 26 ተጽፎ ከጎኑ የቻይና ፊደልና 56 ቁጥር አለው፣ ሳንጃውም እንደ ቢላ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ወስፌ ሹል ነው። ቻይና ነው እንግዲህ። "አያ፣ ይሄ የቻይና ነው" ስላቸው ጠመንጃውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና "የሸጠልኝ ወታደር ሞስኮ ነው ብሎኛል፣ እኔ ሞስኮም ፔኪንግም አልሄድኩ" አሉ። ቻይናው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ እንደውም አብዛኛው ቻይና ሲሞኖፍ የአፈሙዙ ቱቦ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነው ዝገት ይከላከላል፣ በሩስያ ዋጋ ግን አይገዛም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቀነሱልኝ።

አሁን ወደ ዋናው። "ልፍታው" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ጠመንጃ በእንግዳ ፊት አይፈታም" አሉ። ይሄን እረዳለሁ፣ የድሮ ሰው ናቸው፣ የተፈታ ጠመንጃ የያዘ ሰው ማለት ባዶ እጁን ያለ ሰው ነው። ቢሆንም ሳይፈታ አልገዛም አልኩ፣ ከጎረቤት አንድ የቀድሞ ሚሊሻ ተጠርቶ መጣ፣ እሱ "ልክ ነው፣ እኛም ስንረከብ ፈተን ገጥመን ነበር" ሲላቸው ፈቀዱ። ሰፌድ ቀረበልኝና ዕቃውን አንድ በአንድ እሱ ላይ ደረደርኩት። ሲሞኖፍ ለመፍታት መሳሪያ አይፈልግም፣ ከኋላ ያለችውን መያዣ ወደ ላይ አዙራችሁ ሳብ ስታደርጓት ክዳኑ ይወጣል፣ ሞላው ይወጣል፣ ማቀባበያው ከነምላሱ ይወጣል።

ምላሱን፣ ማለት ጥይቷን ከኋላ ሚዘጋውን ብረት፣ ለብቻው አውጡትና ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ጥይቷን ሚመታት መርፌ አለች፣ ወዲያና ወዲህ ስትል ቀጭ ቀጭ ማለት አለባት። የሲሞኖፍ መርፌ ወደኋላ ሚመልሳት ሞላ የላትም፣ የመጀመሪያዎቹ የሩስያዎቹ ላይ ነበር ከዛ ተወው፣ ስለዚህ ልቅ ሆና ነው ምትኖረው። ውስጡ ያረጀ ግራሶ ከደረቀባት ወይ ከዛገች ወደፊት ወጥታ ትቀረቀራለች፣ ያኔ ቃታ ሳትነኩ ማቀባበያው ጥይቷን ሲያጎርሳት በዛው ይመታትና ትተኩሳለች። አንዷ ከተኮሰች ደሞ ቀጣይዋም እንደዛው፣ አስሩም እስኪያልቅ ሊሄድ ይችላል። ሰው "ጠመንጃው ራሱ ተኮሰ፣ ጋኔን አለበት" ሚለው ይሄንን ነው፣ ጋኔን ሳይሆን ግራሶ ነው። አሁን ጥይት በማቀባበል ማስተፋት ለምን እንዳልወደድኩት ገባችሁ።

የሳቸውን ነቀነቅኩት፣ ዝም። ደግሜ ነቀነቅኩት፣ ዝም። ቤቱም ዝም አለ።

ላምባ አለ ወይ አልኩ፣ በጣሳ መጣ፣ መርፌዋን የያዛትን ቁልፍ በምስማር ገፍተን አወጣንና ነከርናት። ከውስጡ የወጣው ጥቁር ነገር እንደ ሬንጅ ነው፣ ሽማግሌው ራሳቸው አይተው "ይሄን ሁሉ ዘመን ከኔ ጋር ተኝቶ?" አሉ። ሁለቱም ወገን በእንጨት ስንጥር ተጠርጎ፣ መርፌዋ ያልታጠፈችና ጫፏ ያልተጎረደ መሆኑ ታይቶ፣ ደርቆ ሲገባ፣ ቀጭ ቀጭ አለ። እዛ ውስጥ ግራሶ መልሳችሁ እንዳታስገቡ፣ ደረቅ ወይ በጣም ስስ ዘይት ነው ሚሻለው። ቤታችሁ ሲሞኖፍ ያለ ከዚህ ሁሉ ጽሁፍ ይቺን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ይበቃኛል፣ ራሳችሁ ማትችሉ ከሆነ ሚችል ሰው ጥሩ።

ቱቦውን ከአፈሙዙ በኩል ነጭ ጨርቅ ከታች አድርጌ በብርሃን አየሁት፣ ጥምዙ፣ ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ መስመር፣ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ክሮሙ ስራውን ሰርቷል። ከላይ ያለው የጭስ ቱቦና ጭሱ እየገፋው ማቀባበያውን ወደኋላ ሚመታው ፒስተን ግን ዝገት በልቶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የድሮ የወታደር ጥይት ጭሱ ውስጥ ጨው አለበት፣ ጨዉ ደሞ እርጥበት ይስባል፣ ሰው ከተኮሰ በኋላ በዘይት ብቻ ወልውሎ ይሰቅለዋል፣ ዘይት ጨውን አያሟሟም። እኛ ጋ ደሞ ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ከተተኮሰ በኋላ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ነው፣ ቱቦው ውስጥ፣ ጭስ መውጫው ውስጥ፣ ፒስተኑ ላይ ማፍሰስ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዛ በኋላ ነው ዘይት። ጠመንጃ በውሃ ይታጠባል ሲባል አዛውንቶቹ ሳቁብኝ፣ ሚሊሻው ግን ስልጠና ላይ ያዩት እንደሆነ መሰከረልኝ። ፒስተኑ ዝገቱ ላይ ላዩን ስለነበር በአሸዋ ወረቀት ሳይሆን በሻካራ ጨርቅና በዘይት ታሽቶ ለቀቀ።

መጠበቂያው፣ ቃታው ጋ ያለችው ሴፍቲ፣ ትንሽ ላላ ብላለች፣ ትይዛለች ግን እኔ እሷን አምኜ ጥይት አጉርሼ አልይዝም፣ ማንም ቢሆን ባይዝ ጥሩ ነው።

መሞከሪያውን በተመለከተ በሰፈር አልተኮስንም፣ ከወረዳው ሰዎች ጋር ተነጋግረን ሚሊሻዎቹ በሚለማመዱበት ጀርባው ገደል በሆነ ቦታ ነው። መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ፣ ከዛ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይሄዱ ለማየት፣ ደህና ሲሆን ነው የጨመርነው። አፈሙዙን ጠንከር አርጎ ወደ ገደሉ ይዞ። አመታቱ ለስላሳ ነው፣ ምንሽር ትከሻውን ያቆሰለው ሰው ይሄን ሲተኩስ ይገርመዋል። ትንሽ ወደ ግራ ይጥላል፣ የፊት ማነጣጠሪያዋ ተገፍታ ይስተካከላል። የኋላ ማነጣጠሪያው ላይ እስከ 1000 ሜትር ቁጥር ተጽፏል፣ ያንን እንደ ጌጥ እዩት፣ ጠመንጃው የተሰራው እስከ 400 ላለው ነው፣ የሰው አይን ደሞ ከዛም በፊት ያልቅበታል። መጨረሻዋ ጥይት ስታልቅ ማቀባበያው ከኋላ ተከፍቶ ይቆማል፣ ይሄን እወድለታለሁ፣ ማለቁን ያሳውቃል፣ ክላሽ ይሄ የለውም።

ማልወድለት ነገር አለ። አንደኛ ክብደቱ፣ ባዶውን 3.85 ኪሎ ነው፣ ቁመቱም ከሜትር ያልፋል፣ ዋንዛው ደሞ ትንሽ ሳይጨምርበት አልቀረም። ሁለተኛ አሞላሉ፣ አስሯን ጥይት ይዛ ባንዴ ምታስገባ ላሜራ ነበረችው፣ እሷ ላሜራ አሁን የት ትገኛለች? የለችም፣ ስለዚህ አንድ በአንድ በአውራ ጣት እየተጫኑ ነው ሚሞላው፣ ጣት ሳይቀረቀር ማውጣትም ልምምድ ይፈልጋል፣ ማቀባበያው ከተለቀቀ ጥፍር ይነቅላል። ሶስተኛ ሰደፉ አጭር ነው፣ ለረጅም ሰው አይመችም፣ አናጢው ዋንዛውን ሲሰራ ለምን ትንሽ እንዳላስረዘመው አልገባኝም፣ የድሮውን እንጨት አስቀምጦ በልኩ ነው የቆረጠው መሰለኝ።

ወረቀቱ ላይ ሽማግሌው ከኔ በላይ ጠንቃቃ ናቸው። ውል ካልተጻፈ፣ የሰፈር ሽማግሌ ካልፈረመ፣ ወረዳ ሄዶ ከሳቸው ስም ወጥቶ በኔ ስም ካልዞረ ብሩን አልቀበልም አሉ፣ "ነገ አንተ አንዱን ብትገድልበት እኔ ነኝ ምጠየቀው" ብለው ፊት ለፊት ነገሩኝ፣ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ወረዳ ሄደን ቁጥሩ ተነቦ ተመዘገበ። ብሩን ያኔ ነው የተቀበሉኝ፣ ቆጥረው ሳይሆን ባለቤታቸው ቆጥረውላቸው። አንድ ያረጀ ዝናር መረቁልኝ፣ ጠላውንም ያኔ ጠጣሁ።

ከዛ ወዲህ አብሮኝ ነው፣ እውነት ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎበት ነው ሚውለው፣ ጥይቱም ሌላ ቦታ፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። የማሽላ ጥበቃ ላይ ይዤው አድራለሁ፣ ሰርግና ተዝካር ላይ ግን አላወጣውም፣ ተኩስልን ሚሉኝ ዘመዶች ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙ፣ ወደ ላይ የሄደች ጥይት የሆነ ሰው ጣራ ላይ መውረዷ አይቀርም። ጭስ መውጫው እንደገና አልዛገም፣ መርፌዋም በየጊዜው ትነቀነቃለች። የዋንዛው ሰደፍ ብቻ ነው ሚያስቸግረኝ፣ ብሎኑ ሚገባበት ቦታ እየሰፋ ነው፣ ዋንዛ ለስላሳ እንጨት ስለሆነ መሰለኝ፣ ወይራ ቢሆን አይሰፋም ነበር ይላሉ፣ ከብዶ ደሞ ማን ይሸከመዋል።

ነጥብ ስሰጥ ለጠመንጃው ከአስር ሰባት፣ ላሜራው ቢኖርና ሴፍቲው ባይላላ ስምንት እሰጠው ነበር። ለሻጩ ዘጠኝ፣ አንዷ የቀነሰችው መጀመሪያ አላስፈታም ስላሉኝ ነው። ደላላው "የሩስያ ነው፣ ፈትቼ አይቼዋለሁ" ብሎ ምሎልኝ ነበር፣ መርፌዋ ስትወጣም አጠገባችን ቆሞ ነበር፣ ኮሚሽኑን ግን ከሁለታችንም ሳይቀንስ ነው የወሰደው። ለሱ ዜሮ።